የሂተር ራዲያተር ሲያፈስ ምን ይደረግ?

ባህር ዳር ላይ ሂተር የሚከፍት ሹፌር ጥቂት ነው። ስለዚህ የሂተሩ ራዲያተር መቀደዱ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ምንጣፉ ከራሰ በኋላ ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ የተቀበረች ትንሽ ራዲያተር ናት፤ ሂተሩን ባይከፍቱትም በብዙ አሮጌ መኪኖች የሞተሩ ትኩስ ውሃ ይዞርባታል።

መጀመሪያ እርጥበቱን በነጭ ጨርቅ ጠርገው ይዩት። ቀለም ካለው፣ ጣት ላይ ከተሙለጨለጨና ጣፋጭ ሽታ ካለው ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ነው፤ መርዝ ስለሆነ አይቅመሱት። ንጹህና ሽታ የለሽ ከሆነ የኤሲው ማፍሰሻ ቱቦ ተደፍኖ ይሆናል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ዝናብ በፊት መስታወቱ ጎማ ሾልኮ። ባዶ ውሃ ሞልተው ለሚነዱ ይህ መለያ አይሠራም፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የውሃውን ልክ ምልክት አድርገው ሁለት ቀን ይከታተሉ። ኮፈኑን ከፍተው ሁለቱ የሂተር ጎማዎች ወደ ውስጥ የሚገቡበትንም ይዳስሱ። አንዳንዴ ጥፋቱ የላላ ማሰሪያ ብቻ ነው።

ውሃ እየጨመሩ መሰንበት አያዋጣም። ከተማው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለ ተራ ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። 0.9 (የግፊት ልክ በባር) የተጻፈበት ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ግፊት ይዞ ይህን ወደ 115 ያደርሰዋል፤ የሚያፈስ መስመር ግን ግፊት አይዝም። ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ትልቁ ራዲያተር የማያሳልፈው በር) በ82 የሚከፈት ከሆነ የቀረዎት 12 ዲግሪ ነው። የዓባይ በረሃ ዳገት ይህችን ወዲያው ይጨርሳታል።

አቋራጩ ሂተሩን መዝለል ነው። ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ከራዲያተሩ 2 ወይም 3 ሊትር በባልዲ ይቀንሱ። አሮጌውን ጎማ አይጎትቱት፤ የራዲያተሯ አፍ ስስ ስለሆነ ይጣመማል። በምላጭ ቁመቱን ሰንጥቀው ይላጡት። ከዚያ ከሞተሩ የሚወጣውንና ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን አፍ በአንድ የሂተር ጎማ ያገናኙ። የውስጥ ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ 16 ሚሊሜትር ነው፤ አሮጌውን ይዘው ሄደው ያመሳክሩ። የአትክልት ማጠጫ ጎማ በሙቀት ይለሰልሳልና አይሆንም። ጎማው እንዳይታነቅ ሰፋ አድርገው ያዙሩት። ሁለቱን አፎች ለየብቻ መድፈን ይቀላል፣ ግን ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ውሃው በዚህ መስመር እንዲዞር የተሠሩ ሞተሮች አሉ። በተፈታችው ራዲያተር ውስጥ የቀረውን በጎማ መንፊያ ቀስ ብለው ይግፉት፤ አለዚያ ምንጣፉ ላይ መንጠባጠቧን አትተውም።

ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ ይሙሉ። የጣና ውሃ ደለል ስላለው ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ይደፍናል። ክዳኑን ሳይገጥሙ የመኪናውን አፍንጫ ዳገት ላይ አቁመው ሞተሩን ያስነሱ፤ የትልቁ ራዲያተር የላይኛው ጎማ ሞቆ አረፋው እስኪቆም እየጨመሩ ይጠብቁ። ሲቀዘቅዝ እንደገና ይለኩ።

ለከተማ ይህ ይበቃል። ወደ ደብረ ታቦርና ጋሸና የሚመላለስ ግን መስታወቱን ከጉም የሚጠርግለት ሂተሩ ነው፣ ይለውጠው። ሥራው ዳሽቦርድ ማውረድ ስለሆነ ሙሉ ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ በአንዳንድ ሞዴሎች በዕቃ ማስቀመጫው በኩል ይወጣል፣ ከመስማማትዎ በፊት ይጠይቁ። የመዳብ ከሆነች ትበየዳለች፣ አሉሚኒየም ከሆነች አዲስ ይግዙ። ማፍሰስ ያቆማል ተብሎ የሚጨመር ዱቄት ትልቁንም ራዲያተር ሊደፍን ይችላል።

ምንጣፉን አንስተው ከሥሩ ያለውን ስፖንጅ በሞቀ ውሃ አጥበው ፀሐይ ላይ ያድርቁ። ላዩ ደርቆ ስፖንጁ ከራሰ ወለሉ ይዝጋል።