የቆየ መኪና ላይ ያለ ስቲከር አልለቅ ሲል

ስቲከር ማንሳት ቀላል ይመስላል። ጥፍር አስገብቶ መሳብ ነው። አሮጌ መኪና ላይ ግን ስቲከሩ ቀለሙንም ይዞት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀለሙን እወቁት። ነጭ ጨርቅ ላይ ትንሽ ፖሊሽ አድርጉና የማይታይ ቦታ ላይ እሹ። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ፣ ክሊር የሚባለው ቀለም አልባ ሽፋን ከላይ የለውም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቀለም እያንዳንዷ ማሸት ታሳሳዋለች።

ስቲከሩ እየተሰባበረ በቁርጥራጭ ይወጣል

ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ቅመም በፀሐይ ብዛት ተሟጧል። ደረቅ ቅጠል ሆኗል። መፍትሄው ሙቀት ነው። የፀጉር ማድረቂያ ይበቃል፤ የቀለም ቀቢዎቹ የሙቀት ሽጉጥ ለዚህ ሥራ ይበዛል። አንድ ቦታ ላይ ሳታቆሙ እያንቀሳቀሳችሁ አሙቁ። ቆርቆሮው እጅ አስቀምጦ ለመቆየት ሲያስቸግር ልክ ደርሷል። ከዚያ ጠርዙን በጥፍር ወይም በፕላስቲክ ካርድ አንሱና ወደ ኋላ አጥፋችሁ፣ ከቆርቆሮው ሳታርቁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ሲቀዘቅዝ እንደገና አሙቁ።

ምላጭ አይነካም። አንድ ጊዜ ላፋጥነው ብዬ ኮፈን ላይ የጣት ርዝመት ያላት ጭረት ትቻለሁ። ፀሐይ ሲያርፍባት ዛሬም ትታያለች።

ስቲከሩ ለቆ ሙጫው ቀረ

ጨርቅ ነጭ ጋዝ አስነክታችሁ ሙጫው ላይ አምስት ደቂቃ አስቀምጡት። ሲላላ በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ፤ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ አገላብጡት፣ አለዚያ ሙጫውን መልሳችሁ ትቀቡታላችሁ። በመጨረሻ በሳሙና እጠቡ። ትነርና አሴቶን ግን ይቅሩ። የድሮ ላከር ቀለም ራሱ በትነር የሚሟሟ ነው፤ ሙጫው ሳይለቅ ቀለሙ ይለቃል።

ቀለም አብሮ ተነሳ

ወዲያው አቁሙ። አብዛኛውን ጊዜ መኪናው በኋላ የተቀባ ነው፤ የቀድሞው ቀለም በደንብ ሳይፈገፈግ ወይም ሰም ሳይጸዳለት ላዩ ላይ ተደርቧል። የቀረውን አትሳቡት። ከሌላኛው ጠርዝ ጀምራችሁ ሙጫውን በነጭ ጋዝ እያላላችሁ ሞክሩ። እሱም ካነሳ ለቀለም ቀቢ ተዉለት።

ስቲከሩ ቢነሳም ጥላው ይታያል

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ተሳስቶ ጥላውን ያሸዋል። ጥላው እኮ ጤነኛው ቀለም ነው! ለዓመታት ተሸፍኖ ከፀሐይ ተርፏል። የደበዘዘው ዙሪያው ነው። ስለዚህ ዙሪያውን በጣም ልስላሴ ባለው ፖሊሽ በእጅ ጀምሩ፤ ጠርዝና እጥፋት ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ እዚያ አትጫኑ። ሁለት ሦስት ዙር አሽታችሁ ልዩነቱ ካልጠበበ አቁሙ። ጥልቅ የሆነ መደብዘዝን ፖሊሽ አይመልሰውም፤ ቀለሙን ግን ይጨርሰዋል። እኔ ብሆን ጥላዋን ትቼ ሰም እቀባባታለሁ።

ጥፍር ጠርዙን ጭራሽ አያገኘውም

ያን ጊዜ ስቲከሩ ያለው ክሊሩ ሥር ነው። ማሞቅም ነጭ ጋዝም አይደርስበትም። የሚወጣው ክሊሩን ፈግፍጎ ቦታውን እንደገና በመቀባት ብቻ ነው።