ከአስፋልቱ ማለቂያ፦ ስለ ምናባዊ ዓለም አጭር ፊልም በስልክ እንዴት ይሠራል?

ስለ ቨርቹዋል ሪያሊቲ፣ ማለትም በኮምፒውተር ስለሚፈጠር ምናባዊ ዓለም፣ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ልሥራ የሚል ሰው መጀመሪያ የሚያስጨንቀው የኮምፒውተሩ ሥራ ነው። ተዉት። ተመልካቹ አብጠርጥሮ የሚያውቀውን ኑሮ አሳዩትና አንዲት ነገር ብቻ አዛቡበት፤ ተረጋግቶ መቀመጥ ያቅተዋል። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ስልክ፣ ሁለት ሦስት ተዋናዮች፣ ጀበናና የአዲስ አበባ ዳርቻ ነው።

ከቦታው ጀምሩ። እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው «ዘ ተርቲንዝ ፍሎር» ፊልም አንድ ሰው ወትሮ ወደማይሄድበት አቅጣጫ መኪናውን ይነዳል። የመንገድ መዝጊያውን ጥሶ ሲያልፍ መሬቱና ተራራው አረንጓዴ መስመር ብቻ ሆነው ያገኛቸዋል፤ ዓለሙ የተሠራው እስከዚያ ድረስ ነበር። ፊልሙ የተነሣበት የዳንኤል ጋሉይ ልብ ወለድ የታተመው በ1964 ነው፤ የኮምፒውተር ሊቁ ኢቫን ሰዘርላንድ ራስ ላይ የሚጠለቀውን የኮምፒውተር ማሳያ ከመሥራቱ አራት ዓመት ቀድሞ። ለእኛ አረንጓዴ መስመር አያስፈልገንም። ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ ሂዱ። የኮንዶሚኒየሙ ብሎኮች ከመስኮት እስከ በረንዳ አንድ ዓይነት ናቸው፤ እንግዳ ሰው ቁጥሩን ካላነበበ የአክስቱን በር አልፎ የሌላ ሰው በር ያንኳኳል። ከመጨረሻው ብሎክ ወዲያ ደግሞ አስፋልቱ ያልቅና ማሳው ይጀምራል። የዓለም ዳርቻችሁ ይኸው።

ቀጥሎ አንድ ሰው አጥፉ። ለምሳሌ የብሎኩ የሌሊት ጥበቃ ይጥፋ። እህቱ ልትጠይቅ ስትመጣ ጎረቤቶቹ ሁሉ «የምን ጥበቃ?» ይበሏት። ጋቢው ግን ደረጃው ሥር ተጣጥፎ ተቀምጧል።

አሁን ዓለሙ ሐሰተኛ መሆኑን የሚጠቁሙ ፍንጮችን ዝሩ። እኔ የምወደው የሰዓቱን ነው። ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ አንዲት እናት በረንዳ ላይ ወጥተው «ልጆች፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ምሳ አትበሉም?» ይበሉ። እኛ ስድስት ሰዓት የምንለውን ማለታቸው ነው። ያን ዓለም የሠራው ሰው የስልኩን ሰዓት እንጂ የአገሩን አቆጣጠር አያውቅም። ማንም ገጸ ባሕርይ ይህን እንዳያብራራ አደራ፤ ተመልካቹ ራሱ ይድረስበት።

ሁለተኛው ፍንጭ ቡናው ነው፤ ከሁሉም በላይ ጊዜ የምትሰጡትም ለእሱ ነው። አቦል ይቀዳል፣ ቶና ይቀዳል፤ በረካ ሲጠበቅ ጀበናው እንደገና ሙሉ ነው፣ ቄጠማው እንደገና ለምለም ነው፣ ቡና አፍይዋም ፈገግ ብላ «አቦል ጠጡ» ትላለች። ይህ እንዲሠራ ሁለቱ ቀረጻዎች በፀጉር ስፋት እንኳ መለያየት የለባቸውም። ስልኩን በረከቦቱ ቁመት ልክ በርጩማ ላይ አስደግፉትና ሁለቱም ቀረጻ እስኪያልቅ አትንኩት። የእያንዳንዱን ሲኒ ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። የተሰነጠቀ ሲኒ ካለ እሱን ምረጡ፤ ስንጥቁ ሁለቴም ወደ ካሜራው ይዙር። ዕጣኑን ግን በሁለቱም ቀረጻ አንድ ዓይነት ማድረግ አይቻልም፤ ጢሱ እንደ ፈቃዱ ነው የሚሄደው። ባይጨስ ይሻላል።

የካሜራው ነገር አጭር ነው። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ በሴኮንድ 25 ምስል፣ የመዝጊያውን ፍጥነት ደግሞ 1/50 ሴኮንድ አድርጉ፤ አለበለዚያ አምፖሉ ምስሉ ላይ ሊርገበገብ ይችላል። የብርሃን መጠኑንና ትኩረቱን ቆልፉ፤ ደመና ባለፈ ቁጥር ስልኩ ራሱ እያስተካከለ ቀረጻውን ያበላሸዋል። ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ ማድረግንም አትርሱ። እኔ ረስቼ በምርጡ ቀረጻ መካከል እናቴ «ዳቦ ይዘህ ና» ልትለኝ ደውላለች።

ድምፁን ለብቻ ቅረጹ። በእውነተኛው ዓለም ሌሊት ውሻ ይጮኻል፣ ጅብም ከሩቅ ይሰማል። በሐሰተኛው ዓለም ውሻውን አጥፉት፤ ሌላውን ሁሉ ተዉት። ለዚህ ሲባል በእያንዳንዱ ቦታ ማንም ሳይናገር አንድ ደቂቃ ሙሉ ቅረጹ።

ከመቅረጻችሁ በፊት የነዋሪዎቹን ኮሚቴና ወረዳውን አስፈቅዱ፤ ለጥበቃዎቹም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። በተለይ የጥበቃ መጥፋት ታሪክ እየሠራችሁ ከሆነ!

የቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽሩን ከካርቶን ልትሠሩት ትችላላችሁ። ለእያንዳንዱ ዓይን ትንሽ የተለያየ ምስል ማሳየት ጥልቀት እንደሚፈጥር እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ቻርልስ ዊትስተን እ.ኤ.አ. በ1838 ካሳየ ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም፤ ሁለት ሌንስና አንድ ስልክ ይበቃል። ለፊልሙ ግን ጥቁር ቀለም የተቀባ ባዶ ሣጥንም ይሆናል፤ ከአንድ ጊዜ በላይ አታሳዩት።

የመጨረሻውን ትዕይንት ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጥላው ሲረዝም ቅረጹ። እህትየው የወንድሟን ጋቢ ለብሳ አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ትቁም። አንድ እግሯን አፈሩ ላይ ታሳርፍ። ወዲያ ማዶ ያለውን አታሳዩ፤ ምስሉን ቁረጡና ጨለማው ላይ የሲኒ ድምፅ አሰሙ።