የቡና መጋዘን ውስጥ ለፒክልቦል መብራት እንዴት እንደሚመረጥ

ጅማ ክረምት ሲገባ ውጭ መጫወት ማለት ጭቃ ማቡካት ነው። ስለዚህ ሥራ የፈታ የቡና መጋዘን ለምነን ወለሉ ላይ የፒክልቦል መስመር አሰመርን። ለማታውቁት፦ ጅማት በሌለው ጠፍጣፋ ራኬትና ቀዳዳ ቀዳዳ ባላት የፕላስቲክ ኳስ የሚጫወቱት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ተጀመረ። አራት ትልልቅ ፓውዛ ገዝተን ልክ ከሜዳው አናት ላይ ሰቀልን። የመጀመሪያው ቀን ጓደኛዬ ኳሷን ወደ ላይ አጎናት። ቀና አልኩ፤ ነጭ ብርሃን ብቻ። ኳሷ ግንባሬ ላይ አረፈች።

እናንተ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ሜትር አውጡ። ሜዳው 6.1 በ13.4 ሜትር ነው። ተጫዋቹ የሚሯሯጥበት ሲጨመር 9.1 በ18.3 ይሆናል፤ 167 ካሬ ገደማ። ብርሃኑን በትልቁ አስሉ፣ ከኋላ መስመር ውጭ ቆሞ የሚመልሰው ሰው ጨለማ ውስጥ መቅረት የለበትም። ከወለል እስከ ዝቅተኛው የጣሪያ ብረት ደግሞ 5.5 ሜትር ቢኖር ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ቦታ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ከዋትም ከዋጋም በላይ። መብራቶቹ ከጎን መስመሮቹ ውጭ፣ በግራና በቀኝ፣ በሜዳው ርዝመት ይደርደሩ። ከኋላ መስመር በስተጀርባ ወደ ሜዳው የሚያፈጥ ፓውዛ አትስቀሉ፤ ማዶ ያለውን ተጫዋች ዓይን ያጠፋል። ቀዳዳ ከመብሳታችሁ በፊት ሞክሩት። አንዱ መሰላል ላይ ወጥቶ መብራቱን ይያዝ፣ ሌላው መረቡ አጠገብ ቆሞ ኳስ እያጎነ በዓይኑ ይከተላት። ዓይኑን ካጨነቆረ ቦታው አይሆንም። ነጠብጣብ አምፖሎቹ ፊት ለፊት ከሚታዩበት ይልቅ ወተት የመሰለ ሽፋን ያለው ይመረጣል። ብርሃኑን ወደ ጣሪያ ልኮ ማስመለስም ይቻላል፣ ግን ጣሪያው ነጭ ተቀብቶ ከሆነ ነው። ባዶ ቆርቆሮ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል።

አሁን ብዛቱ። ለጓደኛሞች ጨዋታ 300 ሉክስ (በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ብርሃን መለኪያ) ይበቃል፣ ለክለብ ውድድር 500 ይሻላል። 167ን በ300 ስታባዙ 50 ሺህ ሉመን ይመጣል፤ ሉመን መብራቱ የሚያወጣው ጠቅላላ ብርሃን ነው። ግን ግድግዳና አቧራ ስለሚውጡት ለ0.6 አካፍሉት፤ 83 ሺህ ገደማ። ባለ 100 ዋት ኤልኢዲ 13 ሺህ ሉመን ከሰጠ ስድስት ተኩል ይሆናል። ስምንት ግዙ፣ በየጎኑ አራት። ካርቶኑ ላይ ሉመኑን እንጂ ዋቱን ብቻ አትዩ።

የብርሃኑ ቀለም ከ4000 እስከ 5000 ኬልቪን ይሁን። 6500 የሚሉት ሰማያዊነት አለው፣ ማታ ማታ ያደክማል። ሲአርአይ (መብራቱ ቀለሞችን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚለካ ቁጥር) 80 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ቢጫዋ ኳስ ከግድግዳው ተለይታ ትታያለች። ግድግዳው ራሱ ጠቆር ያለና የማያብረቀርቅ ቢሆን የበለጠ ያግዛል።

ሱቅ ውስጥ ደግሞ «ለኩስልኝ» በሉና በስልካችሁ ስሎው ሞሽን ቅረጹ። የእኛ መስመር 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ሊርገበገብ ይችላል። ዓይን ላያየው ይችላል፣ ፈጣን ኳስ ግን የምትዘል ትመስላለች። ቪዲዮው ላይ ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ካለ ተዉት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለውን ጣጣ ታውቁታላችሁ። የድሮዎቹ የሜታል ሃላይድ አምፖሎች ከጠፉ በኋላ ቀዝቅዘው እንደገና እስኪበሩ ደቂቃዎች ይፈጃሉ፤ ኤልኢዲ ወዲያው ይበራል። የቮልቴጅ መዋዠቅን የሚቋቋም፣ ለምሳሌ ከ100 እስከ 277 ቮልት የሚል ዕቃ ፈልጉ። ገመዱን ኤሌክትሪሺያን ይዘርጋው፣ ሁለቱ ረድፎችም በየራሳቸው ብሬከር ይሁኑ። በሩ ላይ በባትሪ የሚሠራ አንድ ትንሽ መብራት አይቅር።

ጣሪያው ላይ ብርሃን የሚያስገባ ፕላስቲክ ካለ ቀን ቀን የፀሐይ ብርሃን ሜዳው ላይ ይወድቃል። እኛ ኖራ ቀባነው።

ሰቅላችሁ ስትጨርሱ በስልክ የሉክስ አፕ ሜዳውን በዘጠኝ ቦታ ለኩ። ቁጥሩ በትክክል ባይታመንም የትኛው ጥግ እንደደበዘዘ ያሳያል። መጋዘኑ ቡና ይዞ ከነበረ ገለባና አቧራው አያልቅም፣ አይፒ65 (አቧራ የማያስገባ) የሚል ውሰዱ፤ በየሁለት ወሩም አጥፍታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። የመጀመሪያዎቹን አራት ፓውዛዎች አልጣልናቸውም። ሁለቱ አሁን የግቢው በር ላይ ናቸው፤ ዘበኛው ጋሼ ማታ ጋዜጣቸውን ከመብራቶቹ ሥር ተቀምጠው ያነባሉ።