ተርሞስታቱን ማን ወሰደው? አሮጌ ላንድክሩዘር ላይ የማያቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት አንድ ፒካፕ ላንድክሩዘር ከአዴት መጣልን። «ያፈላል» አለ ሾፌሩ። ኮፈኑን ከፍቼ የተርሞስታቱን፣ ማለትም የሞተሩን ውሃ መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ዕቃ፣ ቤት ፈታሁ። ባዶ ነው። በዚህ ዓመት ስንተኛው እንደሆነ መቁጠር ትቻለሁ።

ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። ንዴቴ ሳይበርድ።

ሞተር ባፈላ ቁጥር ተርሞስታት አውጥቶ መጣል ወግ ሆኗል። «እሱ የተሠራው ለብርድ አገር ነው፣ እኛ ጋ አያስፈልግም» ይሏችኋል። ተርሞስታት ግን የሞተሩ ጠላት አይደለም። ሞተሩ እስኪሞቅ ይዘጋል፣ ውሃው ወደ 80 ዲግሪ ሲጠጋ ይከፍታል። በቃ። ሲወጣ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ ይሠራል፤ ናፍታ ይበላል፣ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል፣ ሲሊንደሩ ያለጊዜው ያልቃል።

ይህም ይቅር። ባለ 4.2 ሊትሩ ዋን ኤች ዜድ ሞተር ላይ ተርሞስታቱ ሁለተኛ ሥራ አለው። ውሃው ራዲያተር ሳይደርስ ተመልሶ ሞተር የሚገባበት አቋራጭ መንገድ አለ። ተርሞስታቱ ወደ ራዲያተር የሚያስኬደውን ሲከፍት፣ ከጀርባው ያለችው ዝርግ ክዳን አቋራጩን ትዘጋለች። አውጥታችሁ ስትጥሉት አቋራጩን የሚዘጋው የለም። ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ዝም ብሎ ይዞራል። እንዳያፈላ ብላችሁ ያወጣችሁት ነገር እንዲያፈላ አደረጋችሁት ማለት ነው! ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል። ከአባይ በረሃ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲጀመር ግን ጉዱ ይወጣል። ከዚያ ጓርኒሲዮን (በሞተሩና በክዳኑ መሃል ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) ይጣመማል፣ ባለቤቱም «ዕድሌ ነው» ይላል። ዕድል አይደለም። መካኒኩ ነው።

ተርሞስታቱን ከጠረጠራችሁት ፈትኑት። ድስት ውስጥ ውሃ ጣዱና ክተቱት። ውሃው ከመፍላቱ በፊት መከፈት ከጀመረ ደህና ነው። ሙሉ በሙሉ እስኪከፍት አትጠብቁ፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። የራዲያተር ክዳን ላስቲኩ ደርቆ ግፊት አይዝም፤ ግፊት ካልያዘ ውሃው ቶሎ ይፈላል። የአዴቱም መኪና ችግር ይኸው ነበር። ወይም ራዲያተሩ ፊት ለፊቱ በጭቃና በሣር ፍሬ ተደፍኗል። ስታጥቡት ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ እጠቡ። ከፊት ከረጫችሁበት ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ትጠቀጥቁታላችሁ።

ክዳኑን ትኩስ እያለ አትክፈቱ። ግራ ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ ከረዳትነቴ ዘመን የቀረ ነው። በጨርቅ ይዤው ነበር፤ ጨርቅ ምንም አያድንም።

አሁን ወደ ውሃ። ክረምት ሲገባ፣ ርብና ጉማራ ሲሞሉ፣ የፎገራ ሜዳ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ሾፌሩ ከባሕር ዳር በአስፋልት እየበረረ ሄዶ፣ ዲፈረንሻሉ (አክሰሉ መሃል ያለው የማርሽ ቤት) ግሎ ሳለ፣ ቀጥታ ውሃ ውስጥ ይገባል። የጋለው ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባልና ውሃ ይስባል። አክሰሉ ላይ አየር የሚያስተነፍስ ቀጭን ቱቦ አለ። እሱ በጭቃ ከተደፈነ ውሃው በዘይት መከላከያው ጎማ በኩል ይገባል። ከወር በኋላ ዲፈረንሻሉ ማልቀስ ይጀምራል። ቡሎኑን ስፈታው የሚወርደው ዘይት ማኪያቶ ይመስላል። ከመግባታችሁ በፊት ትንሽ ቆማችሁ ይቀዝቅዝ፣ ቱቦውን አጽዱ፣ ስትመለሱ ዘይቱን እዩ። መኪናውን ሐይቅ ዳር ነድታችሁ አስገብታችሁ የምታጥቡትም ይህ ይመለከታችኋል። የጎማ ኩሽኔታውም እንደዚያው ይጠፋል፣ ዘይቱም ጣና ውስጥ ይቀራል።

ሞተሩ ውሃ ውስጥ ከጠፋ ደግማችሁ አታስነሱ። ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ አይጨመቅም፣ የሚጣመመው ቢየላው (ፒስተኑን የሚይዘው ክንድ) ነው።

ፎር ዊል አስገብቶ አስፋልት ላይ መንዳት ሌላው ነው። እነዚህ የቆዩ መኪኖች የፊትና የኋላውን የሚያካክስ የመሃል ዲፈረንሻል የላቸውም። መታጠፊያ ላይ የፊቱና የኋላው አክሰል እኩል መንገድ አይሄዱም። ጭቃ ላይ ጎማው ይንሸራተትና ይካካሳል፤ አስፋልት ላይ ግን ትራንስፈሩ (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለው ማርሽ ቤት) እርስ በርሱ ይተናነቃል። ማርሹ አልወጣ ካለ በመዶሻ አትምጡ፣ ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ንዱት፣ ይለቃል። በተቃራኒው ደግሞ ዋልካ ውስጥ ሰምጦ ከቆመ በኋላ ነው ብዙዎች የፊት ጎማውን መቆለፊያ ለማዞር የሚወርዱት። እስከ ጉልበት ጭቃ ውስጥ ቆመው! ከመግባታችሁ በፊት ቆልፉ እንጂ።

የሚቀጥለውን ራሴ ሠርቼዋለሁ። የገዛ መኪናዬ ጠዋት ጠዋት ሞተሪኖው (ማስነሻ ሞተሩ) ጠቅ እያለ አይዞርም። ባትሪ ገዛሁ። ያው ነው። ሞተሪኖ አውርጄ ውስጡ ያለውን ከሰል (ብሩሹን) ቀየርኩ። ያው ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ ገና ስድስት ወር ያልሞላው ረዳት፣ «ጋሼ፣ ይቺ ሽቦ አረንጓዴ ሆናለች» አለኝ። ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ሞተሩ የምትሄደው ገመድ፣ ማሳ የምንላት፣ ናት። በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግናት፣ አጠበቅናት፣ ተነሳ። ለልጁ ምሳ ጋበዝኩት። አሁን መጀመሪያ የማደርገው፣ ከባትሪው ኔጌቲቭ በወፍራም ገመድ በቀጥታ ሞተሩ ብረት ላይ መያዝ ነው። በዚያ ከተነሳ ባትሪው አልሞተም።

ናፍታ። ማደያ ሰልፍ ሲረዝም በጀሪካን እንገዛለን፣ እኔም እገዛለሁ። ጀሪካኑ ውስጥ ውሃ እንዳለ ግን አስቡ። የናፍታው ፊልትሮ ሥር ውሃ ማፍሰሻ አለ፤ ማንም አይነካውም። ጠዋት ሞተሪኖው ብዙ ከዞረ በኋላ የሚነሳ መኪና ሲመጣ ደግሞ ፖምፓ (ናፍታ ወደ ሞተሩ የሚገፋውን) አውርዶ ወደ ፖምፓ ሠሪ የሚሮጥ አለ። ቆይ እንጂ! ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፕ ጠዋት ጫኑአት። ባዶ ከሆነች አየር እየገባ ነው። ከፊልትሮ ወደ ፖምፓ በሚሄደው መስመር ላይ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ለጊዜው አስገቡና አረፋ እዩ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ታንከሩ አጠገብ የተሰነጠቀ የሃምሳ ሳንቲም ጎማ ነው።

ዋን ኤች ዜድ የታይሚንግ ቺንጋ አለው፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየራል። ቆጣሪው የቆመ መኪና ከገዛችሁ ሳትጠይቁ ቀይሩ።

በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ሥር አትግቡ። ስለዚህ አልከራከርም።

ትናንት ከሰዓት ወደ ጋራዥ ስመለስ ያ ማሳውን ያገኘው ልጅ ከሰል አቀጣጥሎ፣ ድስት ጥዶ፣ አጎንብሶ ውስጡን ያያል። ከሌላ መኪና የወጣ ተርሞስታት ነው የሚፈትነው። ደስ አለኝ፣ ልጁ ገብቶታል ማለት ነው። ቀረብ ብዬ ሳይ ግን ድስቱ የምሳ ሽሯችን የሚሠራበት ነው።