መሰንቆን ጭራ ማልበስና መቃኘት

በጎንደር፣ በጎጃምና በወሎ ደጋ የአዝማሪ ልጅ መሰንቆ የሚማረው ቤተሰቡን እያየና እየሰማ ነው። ያን ዕድል ያላገኘ ጀማሪ ድምፁ ሲሻክርበት ጣቱን ይወቅሳል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ጭራው ላይ ነው፤ ከዚያ ይጀምሩ።

የወንድ ፈረስ ጭራ ይመረጣል፤ የባዝራ ጭራ ሽንት ስለሚነካው ቶሎ ይበጣጠሳል። ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና ያጥቡትና ጥላ ላይ ያድርቁ። ቅባት ፈጽሞ አያስነኩት፤ ቅባት የነካው ጭራ ሙጫ (ደጋኑ እንዳያንሸራትት የሚታሸውን ዕጣን) አይዝም።

ለመነሻ ከ30 እስከ 40 ፍሬ ይበቃል። አንዱን ጫፍ በክር ጠበቅ አድርገው ይሰሩ። ጭራው አይገመድም፣ ጎን ለጎን ይወጠራል። አንድ ፍሬ እንኳ ከላላ ለብቻው እየተርገበገበ ድምፁን ያሻክረዋል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ጫፍ ከመቋጠርዎ በፊት ጭራውን አርጥበው በማበጠሪያ ያስተካክሉት። ታችኛውን ጫፍ ከሳጥኑ ግርጌ፣ ላይኛውን ከመቃኛው ያስሩና ከሥሩ ብርኩማውን (ጭራውን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘውን ድጋፍ) ቆዳው ላይ ያቁሙ።

አዲስ ጭራ ሙጫ ካልጠገበ ደጋኑ ያንሸራትታል እንጂ ድምፅ አይወጣም። ዕጣኑን በደጋኑም በመሰንቆውም ጭራ ላይ ደጋግመው ይሹ። ነጭ ዱቄት መርገፍ ከጀመረ በዝቷል፤ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት።

መቃኛውን የሚያጠብቁት በዘፋኙ ድምፅ ልክ ነው። ቅኝቱን፣ ማለትም ዜማው የሚመላለስባቸውን አምስት ድምፆች አደራደር፣ የሚለየው የጣት አቀማመጥ ነው። በትዝታ ሜጀር ቅኝት ከ3ኛው ወደ 4ኛው ድምፅ አንድ ተኩል ቶን (ቶን የድምፆች ርቀት መለኪያ ነው) ሲሆን፣ ከ1ኛው እስከ 3ኛው እንዲሁም ከ4ኛው ወደ 5ኛው አንድ አንድ ቶን ነው። በአምባሰል ቅኝት ግን 1ኛውና 2ኛው በግማሽ ቶን ይቀራረባሉ፤ ከዚያ ወደ 3ኛው ሁለት ቶን ይዘለላል። ጭራውን በጣት ነካ ያድርጉት እንጂ እጀታው ላይ አይጫኑት። ጣት ወደ ሳጥኑ በወረደ ቁጥር የድምፆቹ ርቀት እየጠበበ ይሄዳል፤ ጀማሪ ከፍ ያሉትን ድምፆች የሚስተው ለዚህ ነው። ዜማውን አስቀድመው በአፍዎ ያዚሙት፣ ከዚያ በጣትዎ ይፈልጉት፤ አዝማሪም ድምፁንና መሰንቆውን አንድ ላይ ነው የሚያስኬደው።

በክረምት ቆዳው እርጥበት ስቦ ሲላላ ድምፁ ይደነዝዛል። ከእሳት ራቅ አድርገው እያገላበጡ ያሙቁት፤ ከቀረበ ቆዳው ይሰነጠቃል። ተጫውተው ሲጨርሱም መቃኛውን ያላሉ፤ ተወጥሮ ካደረ ብርኩማው ቆዳውን ያጎደጉደዋል።