አዲስ የገጠማችሁት ኮምፒውተር ሲነሳ ቀጥ ካለ

ይበራል። ፋኑ ይዞራል፣ የማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) አርማ ይመጣል፣ ከዚያ ቀጥ። ኪቦርዱ አይሰማ፣ ማውሱ አይንቀሳቀስ። እዚህ ላይ አብዛኛው ሰው ወይ «ፎርማት ይደረግ» ይላል ወይ ካቻቢቴ አንስቶ ሁሉንም መፍታት ይጀምራል። ለሁለቱም ገና ነው።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ዕቃውን ከቦሌም ከመገናኛም ለቃቅሞ ራሱ የገጠመው ኮምፒውተር ልክ እንዲህ ሆነበትና፣ «አጎቴ ኮምፒውተር ያውቃል» ስለሚል እኔ ተጠራሁ። አራት ኪሎ እህቴ ቤት ከምሽቱ 1 ሰዓት ገብቼ የወጣሁት 5 ሰዓት ላይ ነው። 20 ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። የት ጋ እንደተሸወድኩ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የት ላይ እንደሚቆም ለዩ

ስልካችሁን አውጡና ከማብሪያው ጀምሮ ቪዲዮ ቅረጹት። በዓይን የሚያመልጣችሁ ጽሑፍ ቪዲዮው ላይ ይነበባል። ዕቃ ወደ ሱቅ መመለስ ቢመጣም ማስረጃ ይሆናችኋል።

ስክሪኑ ጥቁር እንደሆነ ከቀረ የሚጠረጠረው ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበት)፣ ፕሮሰሰር፣ ግራፊክስ ካርድ ወይም በደንብ ያልገባ የኃይል ኬብል ነው። አርማው ላይ ከቆመ ማዘርቦርዱ የተሰካበትን አንድ ነገር እየጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ ዲስክ ወይም ዩኤስቢ ላይ ያለ ዕቃ። የዊንዶውስ ነጥቦች እየተሽከረከሩ ከቀሩ ደግሞ ዊንዶውሱን፣ ድራይቨሩን (ዊንዶውስ ዕቃዎቹን የሚያዝበት ፕሮግራም)፣ ዲስኩን፣ አሁንም ራሙን ጠርጥሩ።

ስክሪን የሚያሳይ ከሆነ ይቺን ሞክሩ። ሲነሳ ዲሊት ወይም ኤፍ2 ደጋግማችሁ ተጫኑና ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግቡ። ከዚያ ምንም ሳትነኩ 15 ደቂቃ ተዉት። እዚያም ቀጥ ካለ ዊንዶውስን እርሱት፣ ችግሩ ያለው ዕቃው ላይ ነው።

ብዙ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ጠርዛቸው ላይ አራት ትንንሽ መብራቶች አሏቸው፦ ሲፒዩ (ፕሮሰሰር)፣ ዲራም (ራም)፣ ቪጂኤ (ግራፊክስ)፣ ቡት (የሚነሳበት ዲስክ)። የቱ በርቶ እንደቀረ እዩ። እሱ ነው የሚጀመርበት።

ራሙ ዲዲአር5 የሚባለው አዲሱ ዓይነት ከሆነ ግን ቀጥ ያለ የመሰላችሁ ነገር ቀጥ ያላለ ሊሆን ይችላል። ማዘርቦርዱ መጀመሪያ ሲበራ ራሙን እየፈተነ ይለካዋል። ይሄ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል፣ ስክሪኑም እስከዚያ ጥቁር ነው። ትዕግሥት አጥታችሁ ካጠፋችሁት እንደገና ከሀ ይጀምራል። ጀበና ጥዳችሁ ቡናው እስኪፈላ ተዉት። ቡናው ወርዶም ካልተነሳ ያኔ ኬዙን ክፈቱ።

መብራቱና ገመዱ

እዚህ ከተማ ኮምፒውተር ሲያስቸግር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መብራት ነው። አንዳንዴ ትክክል ነው። ፍሪጅና ምጣድ የተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ካለ አውጡትና ቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። ለውጥ ካለ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) ወይም ስታቢላይዘር ያስፈልጋችኋል፤ ከሌለ መብራቱን ተዉትና ወደ ውስጥ ግቡ።

አንዳንድ ርካሽ ወይም የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባቸው ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማንሸራተቻ አላቸው። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው፣ ስለዚህ 230 ላይ መሆን አለበት። 115 ላይ ሆኖ ከሰካችሁት ቀጥ ማለት አይደለም ጭስ ነው የምታዩት፣ ከመሰካታችሁ በፊት እዩት።

ከዚያ ስፒናውን ነቅላችሁ፣ የኬዙን ብረት በእጃችሁ ነክታችሁ ክፈቱት። ትልቁ ባለ 24 ጥርስ ኬብልና ፕሮሰሰሩ አጠገብ የሚገባው ባለ 8 ጥርስ እስከ መጨረሻው መግባታቸውን በእጃችሁ እየገፋችሁ አረጋግጡ። ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የተረፈ ኬብል ቢገባም አትጠቀሙ። ጫፉ ይመሳሰላል እንጂ የውስጡ አሰካክ ሊለያይ ይችላል፣ ዕቃ ያቃጥላል።

አውልቁ፣ ከዚያ አንድ በአንድ መልሱ

የማያስፈልገውን ሁሉ ንቀሉ። የሚቀረው ማዘርቦርድ፣ ፕሮሰሰር ከነፋኑ፣ አንድ ራም፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ሞኒተርና ኪቦርድ ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩ የራሱ ግራፊክስ ከሌለው፣ ለምሳሌ ስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍ ያለበት ኢንቴል ከሆነ፣ ግራፊክስ ካርዱን ተዉት፣ የሞኒተሩንም ገመድ ካርዱ ላይ ሰኩት። ይሄን ብቻ ይዞ ባዮስ ከገባ የቀረውን አንድ በአንድ እየመለሳችሁ በየመሀሉ አብሩት። ሁለት ነገር በአንዴ ከመለሳችሁ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አታውቁም።

ራሙ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ባለ አራት ቦታ ማዘርቦርድ ላይ አንድ ራም ብዙ ጊዜ የሚገባው ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛው ላይ ነው፤ ሁለት ከሆኑ ሁለተኛውና አራተኛው። ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት፣ ጎድጎድ ያለችውን ቦታ አገናኙ፣ ሁለቱን ጫፍ በአውራ ጣት እኩል ተጫኑ። «ቀጭ» ማለት አለበት። ጀማሪ ሰው ማዘርቦርዱ የሚሰበር እየመሰለው በስስት ይጫነዋል፣ አንዱ ጫፍ ገብቶ አንዱ ግማሽ ሚሊሜትር ይቀራል፣ ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። ሁለቱን ራም በየተራ ለብቻቸው ሞክሩ። አንዱ ከአንድ ሱቅ አንዱ ከሌላ ከተገዛ ለየብቻ ሠርተው አብረው ሊጣሉ ይችላሉ። ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ ወይም ኤክስፖ የሚለውን አብርታችሁ ከሆነም አጥፉት። ራሙን ያፈጥናል ግን ሁሉም አይችለውም። ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። አንድ ስህተት እንኳ ካወጣ ራሙን ወይም የተሰካበትን ቦታ ለዩ።

ሙቀቱን ባዮስ ውስጥ ታዩታላችሁ። ምንም ሳይሠራ በደቂቃ ውስጥ 90 ዲግሪ ከደረሰ ፋኑን አውልቁ። ከስሩ ያለችው ቀጭን ላስቲክ ሳትላጥ ቀርታ ይሆናል፤ ስንቱን እንዳሳፈረች አትጠይቁኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ ሙቀትም ትንሽ ባነሰ አቅም ነው የሚያወጣው፤ ግን በትክክል የተገጠመ ኮምፒውተርን ይሄ ብቻውን አያቆመውም።

ባዮስ ውስጥ የነካካችሁት ነገር ካለ ስፒናውን ነቅላችሁ ክቧን 2032 ባትሪ ለአምስት ደቂቃ አውጡ፣ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ማዘርቦርዱ ከፕሮሰሰሩ ቀድሞ የወጣ ከሆነ ባዮሱን ማደስ ሊያስፈልግ ይችላል። ይሄን ያለ ዩፒኤስ አታድርጉት። መሀል ላይ መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላል።

ዊንዶውስ ላይ ከቆመ

ሲነሳ ሦስት ጊዜ መሀል ላይ አጥፉት። ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ ራሱ የጥገና ገጹን ያመጣል። ከዚያ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት) ግቡ። በሴፍ ሞድ ከተነሳ ድራይቨር ሳይሆን አይቀርም፣ አብዛኛውን ጊዜ የግራፊክስ ካርዱ፤ ድራይቨሩን አጥፍታችሁ እንደ አዲስ ጫኑት። ዊንዶውሱ ከድሮ ኮምፒውተር ከነዲስኩ የመጣ ከሆነ ግን አትድከሙ፣ ፋይላችሁን ገልብጡና እንደ አዲስ ጫኑ። «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ሰውዬ እዚህ ጋ ልክ ነው።

እና እኔ

የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር የሚቆመው አርማው ላይ ነበር። ከላይ የነገርኳችሁን ሳላደርግ ራሙን ሁለት ጊዜ አወጣሁ፣ ባትሪውን አወጣሁ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ መብራቱን ረገምኩ፣ በመጨረሻ «ፓወር ሰፕላዩ ነው፣ ነገ ይመለስ» ብዬ ፈረድኩ። እህቴ ቡና ይዛ ስትገባ ቆም አለችና «ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው ምንድን ነው?» አለች። እኛ ፋን መስሎን ለምደነዋል። ጆሮዬን ኬዙ ላይ ለጠፍኩ። ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ። ለካ ልጁ ከድሮው ኮምፒውተር ነቅሎ ያስገባው ሃርድ ዲስክ ነው። የእህቴ ሰርግ ፎቶ ያለበት።

ዲስኩ እየሞተ ነው፣ ማዘርቦርዱ ደግሞ መልስ እየጠበቀው። ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘውን ቀጭኗን የሳታ ኬብል ነቀልኩ። ኮምፒውተሩ ወዲያው ተነሳ።

እንደዚህ የሚንቀጫቀጭ ዲስክ ካጋጠማችሁ ደጋግማችሁ እያበራችሁ አትሞክሩት፣ በእያንዳንዱ ማብራት ይብስበታል። መረጃ ወደሚያወጣ ባለሙያ ነው የሚወሰደው። የእህቴ አሁን ቡፌው ውስጥ በሶፍት ተጠቅልሎ ተቀምጧል፣ ልጁም በዚያ በኩል ሲያልፍ እናቱን በዓይኑ አያያትም።