ዊንዶውስ 11 አልጫን ካለ፣ መጀመሪያ በምን እንደተነሳ እዩ

ላፕቶፑ ደህና ነው። ራሙ 8 ጊጋ፣ ፕሮሰሰሩም አያሳማም። ዊንዶውስ 11 እንጫን ሲባል ግን «ሴኪዩር ቡት አይደግፍም» ብሎ ድርቅ ይላል። ሴኪዩር ቡት ማለት ማሽኑ ሲነሳ የታመነ ሶፍትዌር ብቻ እንዲሠራ የሚያደርግ ጥበቃ ነው። የእህቴ ላፕቶፕ ልክ እንዲህ አደረገ። ያየው ሁሉ «ሌላ ግዢ» አላት። ላፕቶፑ ግን ምንም አልሆነም። ዊንዶውስ የጫነላት ልጅ በድሮው መንገድ ስለጫነው ነው።

ኮምፒውተር ሲበራ በሁለት መንገድ ሊነሳ ይችላል፦ በአዲሱ ዩኢኤፍአይ ወይም በድሮው ሌጋሲ ባዮስ። ብዙ ማሽን ሁለቱንም ስለሚችል ሴትአፕ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ገብቶ ማየት ብቻውን አይበቃም። እዚያ የምታዩት የተፈቀደውን ነው። ዛሬ በየትኛው እንደተነሳ የሚያውቀው የተነሳው ዊንዶውስ ራሱ ነው።

የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አንድ ላይ ተጫኑ። ኤምኤስኢንፎ32 (msinfo32) ብላችሁ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። «ባዮስ ሞድ» የሚለውን መስመር ፈልጉ።

«ዩኢኤፍአይ» ካለ ቀላል ነው። ሴኪዩር ቡት ጠፍቶ ይሆናል፣ ሴትአፕ ገብታችሁ አብሩት።

«ሌጋሲ» ካለ ሥራ አለ። በሌጋሲ የተነሳ ማሽን ሴኪዩር ቡትን «አይደገፍም» ብሎ ያሳያል፤ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ዲስኩም የተከፋፈለው በድሮው ዘዴ፣ በኤምቢአር ነው ማለት ነው። ዩኢኤፍአይ ደግሞ ዊንዶውስን የሚያስነሳው በአዲሱ ዘዴ፣ በጂፒቲ ከተከፋፈለ ዲስክ ነው። ስለዚህ ቸኩላችሁ ሴትአፕ ላይ ብቻ ብትቀይሩ ዊንዶውሱ አይነሳም። እባካችሁ ያኔ ፎርማት እንዳታደርጉ! ወደ ሌጋሲ መልሱት፣ ይነሳል።

መፍትሄው ኤምቢአርቱጂፒቲ (mbr2gpt) የሚባለው ትእዛዝ ነው። ከ2017 ጀምሮ ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ ይመጣል፤ ፋይል ሳያጠፋ ዲስኩን ይቀይራል። ቢሆንም ባክአፕ ያዙ። ዲስክ የሚቆልፈው ቢትሎከር ካለ ለጊዜው አቁሙት። ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ክፈቱና ትእዛዙን መጀመሪያ በ«ቫሊዴት» (/validate) አስፈትሹ፤ ካለፈ በ«ኮንቨርት» (/convert) ድገሙት። ሁለቱም ላይ «አሎውፉልኦኤስ» (/allowFullOS) የሚለውን ጨምሩ፤ ያለዚያ ከተነሳ ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። ፍተሻው ከወደቀ ዲስኩ ስንት ዋና ክፍልፋይ (ፕራይመሪ ፓርቲሽን) እንዳለው ቁጠሩ፤ ከ3 በላይ ከሆነ እምቢ ይላል። ቅየራው ሲያልቅ ሴትአፕ ገብታችሁ ዩኢኤፍአይ አድርጉት። የእህቴ ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው።

ከዜሮ የምትጭኑ ከሆነ ቡት ሜኑው (ማሽኑ ከምን እንደሚነሳ የሚመረጥበት ዝርዝር) ላይ ልብ በሉ። አንዱ ፍላሽ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ አንደኛው ፊቱ ላይ «ዩኢኤፍአይ» የሚል አለው። እሱን ምረጡ። የመረጣችሁት መንገድ ነው የጭነቱን ዓይነት የሚወስነው።

ሊኑክስ ላይ በምን እንደተነሳ ለማየት ደግሞ «ሲስ» ፎልደር ውስጥ «ፈርምዌር»ን (/sys/firmware) ክፈቱ። «ኢኤፍአይ» የሚባል ፎልደር ካለ በዩኢኤፍአይ ተነስቷል፤ ከሌለ በሌጋሲ። ከዊንዶውስ ጎን ልትጭኑት ከሆነ ይህን ከፍላሹ እንደተነሳ፣ መጫን ሳትጀምሩ እዩት።